ትርፍ የሚሉት አንጀት

«ጨጓራ ቢሆን ኖሮ እዚህ ጋ ነበር የሚያምሽ!» አዳዳ ጋዲሴ ከደረቴ ሥር በሁለት ጣታቸው ጫን አሉኝ። «ሀንዱራሽ ነው፤ ወርዷል። ትናንት ያን የወረቀት ካርቶን ብቻሽን አንስተሽ የለ?»

«አዳዳ፣ እምብርት እንዴት ይወርዳል? የሸሚዝ ቁልፍ ነው እንዴ?»

«ሳቂ፣ ሳቂ። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድሽ ማኪያቶ እየጠጣሽ ጨጓራ ነው በይ። እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን የሰው ሆድ ያሸሁት በጨዋታ ነው?»

«ጨጓራ ነው አልኩ። ያውቀኛል፣ አውቀዋለሁ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። እኔ ፍራሽ ላይ ተጣጥፌ፣ እሳቸው ከጎኔ ተንበርክከው እንዲህ ስንከራከር ሁለታችንም ተሳስተን ነበር። የእኔ ስህተትና የእሳቸው ስህተት ተደምረው ሊገድሉኝ ትንሽ ነበር የቀራቸው።

ስሜ ሲፌ ነው። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። አባቴ አርጆ ይኖራል። እናቴ ከጎጃም መጥተው ወለጋ ከሰፈሩ ሰዎች የተወለደች ናት፤ ግጥም በአማርኛ የምጽፈውም በእሷ ምክንያት ነው። ነቀምቴ የምኖረው ከአዳዳ ጋር ሲሆን፣ የምሠራው የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ በምንተይብበት አንድ ጽሕፈት ቤት ነው። አዳዳ ሆድ በማሸት የታወቁ ናቸው። ከአኖ ድረስ ሚኒባስ ተሳፍሮ የሚመጣ ሰው አለ። በዚህ ሥራቸው የከበሩ እንጂ የሚታሙ ሴት አይደሉም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የምጽፈው እንዳያዋርዳቸው ነው።

የመጀመሪያው ምልክት ምግብ መጥላት ነበር። ያን ቀን ጠዋት ያዘዝኩት ፉል ሲመጣ ሽታው ገፋኝ። ከዚያ እምብርቴ ዙሪያ የደነዘዘ ሕመም ጀመረኝ። የሚወጋ አይደለም። የሚቆርጥም አይደለም። አንድ ሰው እርጥብ ጨርቅ ቀስ እያለ የሚጨምቅ ይመስል ነበር። እኩለ ቀን ላይ አስመለሰኝ። አዳዳ ተልባ አጠጡኝ፤ እሱንም አስመለስኩት።

አርብ ጠዋት ሕመሙ ቦታውን ቀየረ። ከእምብርቴ ተነስቶ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ፣ ከዳሌ አጥንቴ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። አሁን ድንዝዝ አይልም፤ በአንድ ጣት የሚጠቆም ሆኗል። ስስል ያመኛል። ደረጃ ስወርድ ያመኛል።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

አዳዳ «የት ነው?» ሲሉኝ «ሆዴን» አልኩ። ከእምብርት በታች ያለውን ቦታ ያላገባች ሴት ስትጠቁም ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሆድ» የሚለው ቃል ደግሞ ደግ ነው፤ ከጡት ሥር እስከ ጭን ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። በኦሮምኛም «ገራ» ካሉ ሆድም አንጀትም ሐሳብም እዚያው ነው። ከሁለቱ ቋንቋዎች ሥር ገብቼ ተደበቅሁ። ግጥም የምትጽፍ ሴት ለገዛ ሕመሟ ትክክለኛውን ቃል ማውጣት አፍራ ሞተች ቢባል ምን ይባላል?

ቀትር ላይ አዳዳ የኑግ ዘይት አሙቀው ያሹኝ ጀመር። እጃቸው ጥሩ እጅ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከጎን ወደ መሐል፣ ከታች ወደ ላይ፣ በአውራ ጣት እየገፉ። ቀኝ ጎኔ ታች ሲደርሱ ጮህኩ። «ቻይው ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እዚህ ጋ ነው የያዘው» አሉ። ገፉት። ጮህኩ። ደግመው ገፉት።

ከዚያ ሕመሙ ጠፋ።

ድንገት ነው የጠፋው። መብራት ሲሄድ ማቀዝቀዣ ጸጥ እንደሚለው። ለሁለት ቀን ያልሰማሁትን የውጭውን ድምፅ ሰማሁ፤ ባጃጅ፣ የጎረቤት ራዲዮ፣ የወፍ ድምፅ። «ተመለሰ!» አሉ አዳዳ፤ አይናቸው እንባ አቀረረ። «ገለታ ለዋቃዮ!» እግዚአብሔር ይመስገን ማለታቸው ነው። እኔም አመሰገንኩ። ገንፎ ጠየቅሁና ግማሹን በላሁ። ጨጓራ ነው ማለቴንም ይቅርታ ጠየቅሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ተንቀጠቀጥኩ። ጥርሴ ይጋጫል። ቆዳዬ ይነድዳል። ሆዴ እንደ ጣውላ ደርቋል። እግሬን መዘርጋት አልቻልኩም። አዳዳ እጃቸውን ሆዴ ላይ አሳረፉና ወዲያው አነሱት። ወጥተው ገመቹን ጠሩት።

ገመቹ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ነው፤ የሁለት ልጆች አባት፣ አፉ የማያርፍ። ሲያስገባኝ «ሲፌ፣ ግጥም እንዲህ ካሳመመ እኔ መሪዬን አልለቅም» አለ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ድምፄን ሲሰማ መቀለዱን ተወ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጉድጓድ እንደ ውሃ መሻገሪያ ቀስ ብሎ ነው ያለፈው።

ሆስፒታል የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነው፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ። ሆዴን ከመንካቱ በፊት ጠየቀኝ።

«መጀመሪያ የት ላይ ጀመረሽ?»

«እምብርቴ ዙሪያ።»

«ከዚያስ የት ሄደ?»

አዳዳን አየሁ። ከዚያ ጣቴን ወሰድኩና ጠቆምኩ። ከአርብ ጠዋት ጀምሮ ልጠቁምበት ይገባኝ የነበረ ጣት።

«በድንገት ቀለል ያለሽ ሰዓት ነበር?»

«አርብ ቀትር ላይ።»

አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ የወር አበባዬን ጠየቀ፤ የእርግዝና ምርመራም አዘዘ። አዳዳ ብድግ አሉ። «ልጄ አላገባችም!»

«ለማንኛዋም ሴት የምንጠይቀው ነው፣ እናቴ። ማህፀንና አንጀት ጎረቤት ናቸው፤ ሲታመሙ አንዱ የሌላውን ድምፅ ያወጣል።»

አልትራሳውንድ ተነሳሁ። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል። ለአዳዳ ነው የነገራቸው። «ትርፍ አንጀቷ ፈንድቷል። መግሉ ሆዷ ውስጥ ተሰራጭቷል። ፔሪቶናይተስ እንለዋለን። አሁኑኑ ኦፕራሲዮን መሆን አለባት።»

«ትርፍ?» አሉ አዳዳ።

«ትርፍ አንጀት።»

«በእኛ ዘር ትርፍ ያለው ሰው የለም ዶክተር። አባቷ የለው፣ እኔ የለኝ። ስድስት ጣት ያለው ልጅ እንኳን አልተወለደብንም።»

እንዳትስቁ። ይህን የተናገሩት ነጠላቸውን እያፍተለተሉ፣ ለእኔ ሕይወት እየተሟገቱ ነው። ቃሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ትርፍ ወንበር አንዱ ቤት አለ፣ ሌላው ቤት የለም፤ ትርፍ ሰው የማይፈለግ ሰው ነው። «ፈጣሪ ትርፍ አይሠራም» አሉ። «እናንተ ቆርጣችሁ የምትጥሉትን እሱ በከንቱ ሰጣት? ደግሞ ትናንት ተሽሏት ገንፎ በልታለች። አይቀደድም። አባቷ ይምጣ።»

የአባቴ ስልክ አይሠራም ነበር። መፈረም እችላለሁ፤ ለአቅመ ሔዋን ከደረስኩ ቆይቻለሁ። ግን አዳዳ እምቢ እያሉ እፈርማለሁ የሚል ጉልበት በውስጤ አልነበረም። ነርሷ ሰዓቷን አየች። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ቆርቆሮው ላይ አንድ ቡናማ የዝገት ክብ ነበር።

ሐኪሙ አልተቆጣም። የላቦራቶሪ ወረቀቱን ገለበጠና አዳዳ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ መሣል ጀመረ። የበር መቃን የመሰለ ቅርጽ ሣለ። «ይሄ ትልቁ አንጀት ነው፤ ሆዳችንን እንዲህ ከቦ ይሄዳል።» በቀኝ በኩል ከሥሩ የትንሽ ጣት የምታህል ጅራት ጨመረበት። «ይቺ ናት። በሕክምና አፔንዲክስ ትባላለች። ያሳሳተን ስሟ ነው፣ እናቴ። ትርፍ ማለት ሌላ ሰው የሌለው ማለት አይደለም። ሁላችንም አለን። እርስዎም አለዎት፣ እኔም አለኝ። በደህናው ቀን ማን እንዳላት አታስታውቅም። አፏ ሲደፈን ታብጣለች። ያን ጊዜ መጀመሪያ እምብርት ላይ ነው የሚያመው፤ ቀጥሎ ወደ ቦታዋ ይወርዳል። ስትፈነዳ ለጥቂት ሰዓት ቀለል ይላል። ሰው ዳነ ይባላል።»

አዳዳ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ያበጠው ሲታሽስ?»

«ያበጠ ነገር አይታሽም።»

አውራ ጣቶቻቸውን በጨበጡት እጃቸው ውስጥ ሲደብቁ አየሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ፈርሚ፣ ኢንተላ ኮ።»

ፈረምኩ።

ስነቃ አፍንጫዬ ውስጥ ቱቦ አለ። ጎኔ ላይ ሌላ ቱቦ አለ፤ ወደ ከረጢት ያንጠባጥባል። ከእምብርቴ በላይ እስከ ታች ተሰፍቻለሁ። ከንፈሬ ደርቋል። ውሃ የለም። ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል የሚባሉ መድኃኒቶች በክንዴ ይገባሉ። ሁለት ቀን ማንም «ትድናለች» አላለም። አዳዳ እርጥብ ጥጥ ከንፈሬ ላይ ያደርጋሉ።

በየጠዋቱ ሐኪሙ መጥቶ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ጋዝ ወጣ?»

አዳዳ በሦስተኛው ቀን አላስቻላቸውም። «ምን ዓይነት ጋዝ ነው የምትፈልጉባት? ልጅቷ ቡታጋዝ ናት?» ነርሷ ጆሯቸው ላይ ሹክ አለቻቸው። አዳዳ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከታመምኩ ጀምሮ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አንጀት ሲታመም መሥራት ያቆማል፤ መንቀሳቀስ መጀመሩን የሚናገረውም በዚያው ድምፁ ነው። በአራተኛው ቀን ተናገረ። የጎረቤት አልጋዋ ሴትዮ እልል አሉ። ስለ አንጀት ብዙ ስንኝ ጽፌያለሁ፤ እልልታ ያገኘሁት ግን በዚህኛው ብቻ ነው።

ከሆስፒታል ወጥቼ ቤት በተኛሁባቸው ሳምንታት፣ ሕመሙ ቀስ በቀስ ወደ ማሳከክ፣ ማሳከኩም ወደ ትዕግሥት ማጣት ሲለወጥ፣ የግጥም ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ። በየገጹ አንጀቴ ይቆረጣል፣ ሐሞቴ ይፈሳል፣ ልቤ ይሸፍታል፣ ሆዴ ይባባል፤ ከእነዚህ መካከል የአንዳቸውንም ቦታ ግን በጣቴ ልጠቁም አልችልም ነበር። ትምህርት ቤት ሳልማር ቀርቼ አይደለም። በታችኛው ክፍል በኦሮምኛ፣ በላይኛው ክፍል በእንግሊዝኛ ተምሬ፣ ለፈተና ሸምድጄ፣ «ላርጅ ኢንቴስታይን» የሚለውን ያለ ስህተት ጽፌ ወጥቻለሁ። ያ በመጽሐፉ ውስጥ ያለ ቆዳ የሌለው ሰውዬ ግን ዘመዴ አልነበረም። እኔ ውስጥ ያለው ነገር በቤት አማርኛ ሌላ ስም ነበረው፤ ሁለቱን ያገናኘልኝ፣ «ይህ ያ ነው» ያለኝ ሰው አልነበረም።

መቀመጥ ስችል ከቁም ሳጥን አንድ ነጭ አንሶላ አወጣሁና፣ የሥራ ባልደረባዬ በቁመቴ ልክ ዙሪያዬን በእርሳስ እንድትሥለኝ አድርጌ፣ ከጤና ጣቢያ ከተዋስኩት መጽሐፍ እያየሁ ጉበቱን፣ ጨጓራውን፣ ኩላሊቱን፣ ያቺን ጅራት በቀለም ሣልኩ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ ስሙን በኦሮምኛም በአማርኛም ጻፍኩ። የሐኪሙን ወረቀት በዚያን ጊዜ ብዙ ፈለግሁት፤ ስላጣሁት ያቺን ቦታ ከትዝታዬ ነው የሣልኳት። መጀመሪያ ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ፎቶ ኮፒ ለማንሣት የመጣ ሰው ሁሉ ቆሞ ያይ ጀመር። ከዚያ ቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች በሚሰበሰቡበት፣ ከዚያም አርጆ ወስጄ አሳየሁት። ስም ሳላሳይ ባዶውን ጎን ዘርግቼ «ኩላሊት የት ነው?» እላለሁ። ሰው ሁሉ «ኩላሊቴ» እያለ ያማርራል፤ ቦታውን ሲጠየቅ ግን አንዱ እምብርት አጠገብ፣ ሌላው ብብት ሥር ያደርገዋል። ይስቃሉ፤ ይጣላሉ። ልቤም መጀመሪያ የሣልኩት ጊዜ ወደ ግራ ክንዴ ሸሽቶ ነበር፤ መጽሐፉን ያዋሰችኝ የጤና ባለሙያ ናት ወደ መሐል የመለሰችልኝ።

አዳዳ አልመጡም። አንሶላውን መጀመሪያ ያዩት ቀን እንዲህ ብለውኛል፤ «በአንሶላዬ ላይ ኃጢአቴን ሥለሽ ከተማ ልታዞሪ?»

«የእርስዎ ስም የትም የለበትም አዳዳ።»

«እጄ አለበት።»

ሐኪሙን ለክትትል በሄድኩበት ቀን ጠይቄዋለሁ። «ያፈነዳው መታሸቱ ይሁን ሰዓቱ ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርሽ አይችልም» አለኝ። «መዘግየቱ ግን የታወቀ ነው።» ይህንን ነገርኳቸው። ሰዎች መምጣታቸውን አላቆሙም፤ ከመጋረጃው ወዲያ የሞቀው ዘይት ይሸተኛል፤ እጃቸው ሲሠራ እሰማለሁ። በየሰፈሩ እያስተማርኩ በገዛ ቤቴ አፌን ዘጋሁ። ልንገራቸው ብል ያሳደጉኝን ሴት በሰው ፊት ላዋርድ ነው፤ ልተው ብል ከመጋረጃው ወዲያ ከተኛው አንዱ ሰው እንደ እኔ ሊሆን ነው። በየቀኑ ይህ ነበር የሚያሳምመኝ።

አሁን እንደ እኔ ለሚታመም ሰው የማውቀውን ልናገር። ሐኪም አይደለሁም። ግን ሕመም እምብርት ዙሪያ ጀምሮ ወደ ቀኝ ታች ከወረደ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ስትስሉና ስትራመዱ ከባሰ፣ አትጠብቁ። አትታሹ። ሐኪም እስኪያያችሁ ተልባም ገንፎም ይቆይ። ከሁሉ በላይ ሕመሙ በድንገት ከለቀቃችሁ አትመኑት። ሴት ከሆናችሁ ደግሞ «ሆዴን» ብላችሁ አትቁሙ፤ ጣታችሁን ተጠቀሙ። በየሰፈሩ ሳስተምር እንደምለው፣ ጣት አያፍርም። ቁጢጥ ብሎ የሣለልኝን ሐኪም አመሰግናለሁ፤ በቁጣም ሊያስፈርመኝ ይችል ነበር። ነርሶቹን፣ እልል ያሉትን ሴትዮ፣ ጉድጓድ የቆጠበልኝን ገመቹን አመሰግናለሁ። አዳዳንም አመሰግናለሁ። ያሹኝን ከጻፍኩ፣ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ሆስፒታል ገላዬን ያጠቡኝንም መጻፍ አለብኝ።

የጽሑፉ መጨረሻ ይህ እንዲሆን አስቤ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ግን ገመቹ ጎንበስ ብሎ፣ አንድ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ገባ።

«አካም ቡልታን፣ አዳዳ? እንዴት አደሩ? ሀንዱራዬ ወርዷል መሰለኝ። ያ ኮረኮንች አንቀጥቅጦ ጨረሰኝ። ትንሽ እሹኝና ወደ ሥራዬ ልሂድ።»

አዳዳ ዘይቱን ምድጃው ላይ አድርገው ነበር። እኔ ወንበሬ ላይ ደብተሬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ቃል ካወጣሁ የማወጣው አሁን ነው። አፌን ከፈትኩ።

«መጀመሪያ የት ጀመረህ?» አሉ አዳዳ።

አፌን ዘጋሁ።

«እዚህ፣ እምብርቴ ጋ። ትናንት።»

«ከዚያስ የት ሄደ?»

ገመቹ ወደ እኔ አየና አፈረ። «ሆዴን ነው በቃ፣ አዳዳ።»

«በጣትህ አሳየኝ። ጣት አያፍርም።»

ጠቆመ። ቀኝ፣ ታች። አዳዳ አልነኩትም። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ምድጃውን አጠፉ። «ተነስ። ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«ሐኪም ቤት? ለዚች? እኔ እንደ ሲፌ ትርፍ የለኝም እኮ!»

«አለህ» አሉ። «ሁላችንም አለን። እኔም አለኝ።»

መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከመደርደሪያው አውርደው ከመሐሉ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የላቦራቶሪ ወረቀት ነበር፤ በጀርባው የበር መቃን የመሰለ ሥዕል ያለበት። ገመቹ እጅ ላይ አኖሩት። «በመንገድ እያየኸው ትሄዳለህ። የባጃጁን ቁልፍ ለጎረቤት ስጥ፤ አንተ አትነዳም።» ነጠላቸውን ከሚስማሩ ላይ አነሱ፤ ክንዱን ያዙት። ወደ እኔ አልዞሩም።

ወጡ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።